ለአባት አንድ መስመር

ሌንስዬ፣ ነፍሮው ጨው አነሰው እንዴ? እኔ ደግሞ አፌ ስለመረረኝ ይሆናል። ወደዚህ ጠጋ በዪ፣ በዚያ በኩል ድንኳኑ ያፈሳል። የቦሳ ኪቶ ዝናብ መች ለቅሶ ቤት ነው ብሎ ያከብራል! ደግነቱ ሰዉ አልቀረም። ከአጋሮም፣ ከሊሙም መጣ። ወንድሜ ከፈለ በዚያች አይሱዙ ቡና ያልጫነበት ከተማ የታለና!

ቀብሩም አማረ… አላማረም? የሕይወት ታሪኩማ! ኤጋ፣ እኔ እንዲያ ያለ አማርኛ ሰምቼ አላውቅም። “ፀሐይ ስትወጣ ትኩስ ቡናቸውን እየተጎነጩ ለልጆቻቸው ጥበብን ያካፍሉ ነበር” ሲባል እንባዬ ቀጥ አለ። ከፈለና ቡና! ዕድሜ ልኩን ቡና ጭኖ፣ በጨጓራው ምክንያት አንድ ሲኒ ያልቀመሰ ሰው… ለካ እኛ ሳናየው ሲጎነጭ ኖሯል። እኔ እህቱ ብቻ ነኝ፣ ምን አውቃለሁ?

መቼም የጻፈው ሰው ቀላል ሰው አይደለም። ስም አልጠራም፤ አንድ ጡት ነው የጠባችሁት፣ ስሙን አንቺም አታጪውም። ቀስ ብዬ ነው የማወራው እኮ፣ እዚያ ጥግ ተቀምጦ ስልኩን ለሚነካካ ሰው አይሰማም… ይሰማል እንዴ? ቢሰማስ፣ ምስጋና ነው! በቾ ቦሬ ሰፈር አዳራሽ ውስጥ ወጣቱን ሰብስቦ ኤአይ ለሚሉት ማሽን ትእዛዝ እንዴት እንደሚጻፍ ሲያሰለጥን እኔም ሄጄ አልነበር? ፊት ወንበር ላይ ነው ያስቀመጠኝ። የኮራሁት ኩራት! “ማሽኑ አያውቃችሁም” አላቸው። “ስለ ማን እንደሚጽፍ፣ ሰውየው ምን እንደሠራ፣ ለማን እንደሚነበብ አንድ በአንድ ንገሩት። ካልነገራችሁት ከራሱ ይፈጥራል። የሰጣችሁን ደግሞ ሳታነቡ እንዳታወጡ።” ለአንዲት የሳሙና ማስታወቂያ ስንት ነገር አስጻፋቸው መሰለሽ! ሽታዋን፣ ቀለሟን፣ የሚገዛት ሰው ምን እንደሚያሳስበው ሁሉ። ጎበዝ እኮ ነው።

ለአባቱስ? “ጅማ ውስጥ ስለሞተ ደግ አባት ልብ የሚነካ የሕይወት ታሪክ ጻፍልኝ።” በቃ፣ አለቀ። ራሱ ነው ያሳየኝ፣ እንዴት እንደፈጠነ ሊያስደንቀኝ። ታዲያ ይፈረድበታል? ሳሙና ይሸጣል፤ አባት ምን ይሸጣል?

አይ፣ ሥራ ይበዛበታል፣ ማሎ! ከፈለ በዚያ ክረምት፣ በሊሙ ጭቃ፣ የጫነውን የሰው ቡና መንገድ ዳር አራግፎ የወዳጁን የአብዱልሃዲን ሚስት በምጥ ተይዛ ሆስፒታል ማድረሱን… ይህን ሁሉ ለማሽን መተረክ ጊዜ ይወስዳል እኮ። አብዱልሃዲ፣ ምስኪን፣ ያችን ታሪክ ልስማ ብሎ ዝናብ ላይ ቆሞ ቆሞ፣ በኋላ ጠጋ አለና “ወላሂ ወርቂቱ፣ የሌላ ሰው ቀብር የመጣሁ መስሎኝ ነበር” አይለኝም! አንቺም ብትሆኚ… ሥራሽን ትተሽ፣ አገላብጠሽ ያስታመምሽው አባትሽ “በባለሙያ ነርሶች እንክብካቤ ሲደረግላቸው ቆይተው” ሲባል አንገትሽን ደፋሽ። ምነው? ነርስ መባል እኮ ክብር ነው።

መጨረሻውስ! ጋሽ ወልደሰማያት ለዕድሩ ሲያነቡ ኖረው ከተሰጣቸው አንድ ቃል ዘለው አያውቁም። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ድምፃቸውን እንደ ወጉ ዝቅ አድርገው፣ “ይበልጥ አሳዛኝ እንዲሆን ከፈለጉ ላስተካክለው እችላለሁ” አሉ፤ ማሽኑ ከሥር የጨመረውን ሳይቀር። ሰዉም “አሜን” አለ! ምን ያድርግ፣ ዝም ይበል? እኔም ብያለሁ። ከዚያ ይበልጥ አሳዛኝ የሚሆን ግን አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ ለአርባው የሚነበበውንም እኔው ላዘጋጅ ብሏል አሉ። ያዘጋጅ እንጂ! አንቺ ምን ታውቂያለሽ? አጥበሽዋል፣ አጉርሰሽዋል፣ ሕመሙ ሲጠናበት እናቱን ሲጣራ ሰምተሻል… ሰርተፍኬት አለሽ? የለሽም። ቢሆንም እስቲ ለወጉ ያህል፣ ለወረቀትም ይሁን ለማሽኑ፣ የምታውቂውን ንገሪ። “ቡና አይጠጣም ነበር” ብለሽ ጀምሪ። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው ልጄ፣ ያ ሁሉ ሰው ዝናብ እየመታው ቆሞ የማያውቀውን ሰው ሸኝቶ ገባ። ወንድሜን ገና አልሸኘሁትም።

ለልጁ ግን ቅር አይለኝም። የወንድሜ ልጅ አይደል? እመርቀዋለሁ እንጂ። እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ሥልጠናው ይስፋለት፣ አዳራሹ ይጥበበው። ልጆቹ ይደጉለት፣ ይማሩለት፣ እንደሱ ፈጣን ይሁኑለት… ሸብቶ፣ ጃጅቶ፣ ቀኑ ሲደርስም፣ እሱ ለአባቱ የጻፈውን ያህል እነሱም ይጻፉለት። አሜን በዪ እንጂ፣ ሌንስዬ።