አንድ ዛፍ፣ ሁለት ስም

ወደ ሺሺንዳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ወጣት አጠገቧ ያሉትን ሰውዬ ትሞግታለች።

«ጋሼ፣ ሠርተውልን በሄዱት የደን መመዝገቢያ ሶፍትዌር አንድ ዛፍ በሁለት ሰው ስም ተመዝግቦ ሳይ ስህተት መስሎኝ እንዲህ ካለው ዛፍ ሁሉ ላይ አንዱን ስም ሰረዝኩት።»

«ምን አደረግሽ? ማንኪራ ደን ውስጥ እኮ ዛፉ ላይ ያለው ቀፎ የአንዱ፣ ሥሩ ያለው ቡና የሌላው ነው።»

«ይኼንንማ ባለቀፎዎቹ ቢሮ መጥተው ሲጮሁብኝ ሰማሁ። እርስዎ ለምን አልጻፉትም?»

«እዚህ አገር ሕፃን የሚያውቀውን ምን ብዬ እጽፋለሁ?»

«ኮምፒውተሩም እኔም ከፋ ውስጥ አልተወለድንም።»

«ደውለሽ አትጠይቂኝም ነበር?»

«ሁልጊዜ እየደወልኩ ልኖር ነው? ወረቀት ይኸው፣ አሁን ይጻፉልኝ።»

«ከጻፍኩልሽ በኋላ ማን ይፈልገኛል?»

ጡረታ ልወጣ አንድ ወር የቀረኝ፣ የፋይሎቹን ቦታ በቃሌ ብቻ የያዝኩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝና፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።