አሮጌውን ሳይጥሉ ማደስ

ውድ ጨርቅ ዘርግቶ ያለ ማመንታት መቀስ የሚያሳርፍ ሰው፣ አንዲት ቁልፍ መጫን ለምን ይፈራል? ምሁሩ ይህን ጥያቄ ለራሱ ያቀረበው ሱሪ ሊያስጠብብ በገባበት ልብስ ስፌት ቤት ነበር። መልሱን ግን ወዲያው አላገኘውም።

«ምሁሩ» የሰፈር ቅጽል ስሙ ነው። ሩቅ አገር ኮምፒውተር ተምሮ ከተመለሰ ወዲህ ሁለት ሥራ ይዞ ሁለቱንም ለቋል። በአንደኛው መሥሪያ ቤት «እንዲህ ብናደርገውስ?» ባለ ቁጥር «አንተ ደግሞ ገና ከመምጣትህ!» ይሉታል። በሌላኛው ማንም ምንም ሳይለው ራሱን ተጠራጠረና ወጣ። በሐሳብም በሥጋም ስለ ከሳ ሱሪው ከወገቡ ይንሸራተት ጀመር። ወደ ስፌት ቤቱ ያመጣውም ይኸው ነው።

ቤቱ ጠባብ ነው። በመስኮቱ በኩል ሁለት የስፌት መኪናዎች፣ መሐል ላይ ረጅም መቅደጃ ጠረጴዛ፣ በበሩ ጥግ ካውያቸውን የሚገፉ ሸምገል ያሉ ልብስ ተኳሽ አሉ። ከጠረጴዛው ማዶ ደግሞ በትርፍራፊ ገበር እስከ ግማሹ የተሸፈነ ኮምፒውተር ተቀምጧል። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ የሚላቸው የቤቱ ባለቤት የልብስ ቅዳቸውን የሚስሉት በእሱ ነው።

እትዬ የምሁሩን ወገብ እየለኩ ሳለ ማያው ላይ ትንሽ ሳጥን ብቅ አለች፤ «አዳዲስ ማሻሻያዎች አሉ» ትላለች። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አደረጉና ዝንብ እንደሚያባርር ሰው «በኋላ» የሚለውን ነክተው መለሷት።

«እትዬ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚዘጉት?»

«ሁልጊዜ። እሱም አይሰለቸው፣ እኔም አልሰለች።»

«ለማኝ በለው» አሉ ተኳሹ ከጥግ። «ጠዋት ማታ ደጅ ይቆማል፤ እሳቸው ደግሞ ‹እግዜር ይስጥህ› ብለው ይሸኙታል።»

ምሁሩ ሳቀ። ጠጋ ብሎም አየው። «ማሽኑ የሚሠራበት ሥርዓት ሊኑክስ ነው እኮ!»

«ስሙን አላውቅለትም፤ ሲከፈት ግን አንድ ወፍራም ወፍ ይታያል። ለመሆኑ የምርህን ምሁር ከሆንክ እስቲ ይህን ንገረኝ። የሐኪም ቤት ሰዎች የጋዋናቸውን ቅድ በኢሜይል ላኩልኝ። የእኔው ፕሮግራም ‹ይህ በአዲሱ የተሠራ ነው፣ አልከፍትም› ብሎ እርፍ። ጎረቤቴ አዲሱን ፕሮግራም በፍላሽ አመጣልኝ፤ ብጫነው ብጫነው ወይ ፍንክች!»

ምሁሩ ፍላሹን ሰክቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ይህ ለሌላ ዓይነት ሥርዓት የተሰፋ ነው፤ ለእርስዎ ማሽን ልኩ አይደለም። ደግሞስ እንኳን አልተከፈተ! ከየት እንደ ተነሣ፣ ማን ምን እንደ ከተተበት በምን ይታወቃል? በሊኑክስ ፕሮግራም ከመንገድ አይለቀምም፤ የራሱ ማከማቻ አለው። እርስዎ ስሙን ጠርተው ያዝዛሉ፣ ማከማቻው ይልካል።»

«አንድ ቤት ሁሉን ከያዘ፣ ያው ቤት ያታለለኝ ዕለትስ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ ጥቅል ማኅተም አለው፤ ማኅተሙ ካልገጠመ ማሽኑ ራሱ አልቀበልም ይላል። አብዛኛው ሥራም የተደበቀ አይደለም፤ የሚያውቅ ሰው ገልብጦ ስፌቱን ማየት ይችላል።» ይህን ብሎ እንደ ልማዱ ተጠራጠረ። «ፈጽሞ አይታለልም አልልዎትም። ማን እንደ ያዘው ካልታወቀ ፍላሽ ግን በብዙ ይሻላል።»

እትዬ በአፋቸው የያዙትን መርፌ አውጥተው ደረታቸው ላይ ሰኩ። «እሺ፣ ቀጥል።»

«ኮት ሲያዝዙት ገበሩንም ክሩንም ቁልፉንም አብሮ የሚያመጣ አቅራቢ ያስቡ። ክሩ ቤትዎ ካለ ግን ሌላ አይጨምርም፤ ያለውን ይጠቀማል። ፕሮግራም ሲጫን እንዲህ ነው።»

«እንዲህ ያለ አቅራቢ ካለማ መጀመሪያ ለእኔ አገናኘኝ! የእኔው ክር ካመጣ ቁልፍ ይረሳል።»

«አቅራቢዎን አይሙት» አሉ ተኳሹ። «ቢያንስ መምጣቱን አይረሳም፤ ምሳ ሰዓት ላይ።»

«ማሻሻያውስ?» አሉ እትዬ ሳቃቸውን ውጠው። «እኔ የሚሠራ ነገር አይነካም ተብዬ ነው ያደግሁት።»

«ልብስ ማንም ሳይነካው ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ብል ይበላው የለ? ይኸም እንደዚያው ነው። ትናንት ደህና በነበረ ስፌት ላይ ዛሬ አንድ ሰው ቀዳዳ ያገኛል። ወሬው ይሰማል፤ ሌባም ይሰማል። ማሻሻያው ብዙውን ጊዜ የዚያ ቀዳዳ መጣፊያ ነው። እርስዎ ‹በኋላ› ባሉ ቁጥር ቀዳዳው እንደ ተከፈተ ያድራል። ማከማቻው ደግሞ የአንዱን ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን የሁሉንም መጣፊያ ባንድ ጊዜ...»

ምሁሩ ነገሩ ሲጥመው ማቆም አይሆንለትም። ስለ ማኅተሙ ደገመ፣ ስለ ሌባው ደገመ። እትዬ የጠመኔ ፍርፋሪ ከጠረጴዛው ላይ በመዳፋቸው ይሰበስባሉ። ተኳሹ ካውያውን አቆሙ።

«ልጄ፣ አትድከም» አሉት። «ነገሩ ሌላ ነው።»

«አዎ፣ ሌላ ነው» አሉ እትዬ። «ማሽኑን ያዘጋጀልኝ ልጄ ነው። ሲሄድ ‹እማዬ፣ እስክመለስ ምንም እንዳትነኪ› አለኝ። አልነካሁም። መጀመሪያ ይደውል ነበር፣ በኋላ ይጽፍ ነበር፣ አሁን የእኔ መልእክት መድረሱን ብቻ ነው የማየው። የሰፈሩ ሰው ልክ በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ፤ ቢጠፋ ማን ይመልስልኛል? ደግሞ...» ገበሩን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ማሽኑን ሸፈኑት። «እጁ ያረፈበት ነገር ይኸው ብቻ ነው የቀረኝ።»

ምሁሩ ለጥያቄው መልስ አገኘ፤ አገኘና አፈረ። እኛ ተማርን የምንል ሰዎች የሽማግሌን እምቢታ ሁሉ አለማወቅ እናደርገዋለን። እምቢታ አንዳንዴ ቃል መጠበቅ ነው። ቃል ለጠበቀ ሰው ደግሞ ስለ ሌባ መደስኮር ምን ይጠቅመዋል?

«እንግዲያው ሳንነካ በፊት ቅጂ እናስቀምጥ» አለ በዝግታ። «ልኮቹን ሁሉ በሌላ ዲስክ እንገልብጥና ዲስኩን እርስዎ ይያዙት። ከዚያ ቢፈልጉ ይጫኑ፤ ባይፈልጉም ቅጂው አይጎዳም።»

ልኮቹ ሲገለበጡ እትዬ በቃል አላመኑም፤ የተኳሹን ኮት ቅድ ከዲስኩ አስከፍተው ትከሻውን በዓይናቸው ለኩ። ዲስኩን ጉያቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ወደ ማያው ተጠጉ። «ልጄ ራሱ ቢሆን» አሉ በመጨረሻ፣ «ብል ሲበላው ዝም ብለሽ እይው አይለኝም።» የይለፍ ቃሉን በአንድ ጣት ጽፈው ቁልፏን ራሳቸው ተጫኑ።

ማሽኑ ዓመታት የተጠራቀመውን ማሻሻያ አወረደ፣ አስገባ፣ እንደገና ልነሣ አለ። ጠፋ። ወፉ ብቅ አለ። ከዚያ ማያው ጥቁር ሆነ፤ ጥቁር እንደ ሆነም ቀረ።

እትዬ እጃቸውን ጉያቸው ላይ አሳርፈው ቆሙ። «ይኸው» አሉ ብቻ።

ምሁሩ ወደ ማሽኑ ጠጋ አለ። ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ ያወቀውን ማመን ነው የቸገረው። አጥፍቶ አበራው፤ ሲነሣ ቁልፍ ተጭኖ ያዘ። ማያው ላይ አጭር ዝርዝር ወጣ፤ ከላይ አዲሱ፣ ከሥሩ የቀድሞው። የቀድሞውን መረጠ። ወፉ መጣ፣ ሄደ፤ የእትዬ ማያ ቅዶቻቸውን እንደ ያዘ ተመለሰ።

«ምን አደረግኸው?»

«ምንም። ከርነል የሚሉት አለ፤ የማሽኑ አስኳል ነው። አዲሱ አስኳል ከማያዎ ጋር አልተግባባም። ማሽኑ ግን አዲሱን ሲያስገባ አሮጌውን አልጣለም፤ አዲሱ ካላዋጣ የምንመለስበት ብሎ አስቀምጦታል።»

«አሮጌውን አልጣለም?»

«አልጣለም።»

እትዬ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔስ ሌላ ምን አደርጋለሁ? አዲስ ቅድ ስስል መጀመሪያ በአቡጀዲ እሰፋዋለሁ። ባለቤቱ ለብሶት ወዲያ ወዲህ እስኪል ድረስ አሮጌውን ወረቀት አልቀደውም። ምነው አንተ ልጅ! ስለ ማኅተምና ስለ ሌባ ከምትደሰኩርብኝ ይህችን ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«እሱ መቼ ገብቶት!» አሉ ተኳሹ። «ሱሪው ሲወልቅ እንኳ ሰው ነው የነገረው።»

ሦስቱም ሳቁ፤ ምሁሩ ከሁሉም በላይ ሳቀ። አንድን ነገር ሳይጠራጠር ካስረዳ ብዙ ጊዜው ነበር።

አዲሱን የቅድ ፕሮግራም ከማከማቻው መስኮት እትዬ ራሳቸው ስሙን ጽፈው ፈለጉት። የጎደለውን ክርና ቁልፍ በራሱ ሣጥን ይዞ መጣና ከአሮጌው ጋር ሳይጋጭ ጎን ለጎን ተቀመጠ። የሐኪም ቤቱ ጋዋን ተከፈተ፤ እትዬም የብብቱ ቅድ እንደሚጠብ ወዲያው ተናገሩ።

ከዚያ ወዲህ ሳጥኗ ስትወጣ አያባርሯትም። ሥራ ሲያበቃ ቅጂያቸውን ያድሳሉ፣ ማሻሻያውን ይጭናሉ፣ ካውያው እስኪበርድ ማሽኑም ይጨርሳል። ማያውን ያጠቆረው አስኳል ብዙም ሳይቆይ ታርሞ መጣ፤ አሁን በእሱ ነው የሚሠሩት። ጎረቤትየው ፍላሹን ይዞ ብቅ ሲል «ከመንገድ አትልቀም፣ ከማከማቻው እዘዝ፣ ከሁሉ በፊት ግን ቅጂ» ይሉታል። የሚታደስ ነገር ይሰነብታል፤ ቀስ ብሎ፣ መመለሻው ተጠብቆ፣ ባለቤቱ በገዛ እጁ ሲያድሰው ደግሞ የበለጠ ይሰነብታል።

ያን ዕለት ግን ምሁሩ የጠበበለትን ሱሪ ታጥቆ ሊወጣ ሲል እትዬ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። በአንድ ጣታቸው፣ ፊደል እየፈለጉ ጻፉ፤ ጽፈው ሲያበቁም ለሁለቱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡላቸው።

«ልጄ፣ ነካሁት። ጠቁሮ ነበር፣ ተመለሰ። ከእንግዲህ እኔው አድሰዋለሁ። ማሽኑን ላስተካክል ብለህ አትምጣ፤ እሱ ደህና ነው። እንዲያው ና።»

ላኩት። መድረሱ ታየ። መልስ አልመጣም።