ዋግምትን ያስቀረች የደም ጠብታ

በ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። ባለቤቴን የሺአረግን ትኩሳት ይዟት፣ «አጥንቴ ተሰበረ» እያለች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። በጋሪ ወደ አባቷ ቤት ስወስዳት አማቴ አቶ ወልደ ማርያም ከፊት ሆነው ፈረሱን ይመሩ ነበር። ሠላሳ ዓመት በምድር ባቡር አገልግለዋል፤ በሰፈሩም ዋግምት የሚያደርጉት እሳቸው ነበሩ።

ውሃው የጎደለውን የደቻቱን ወንዝ ስንሻገር ዓብዲን አገኘነው። ኩባ ተምሮ የመጣ፣ በጤና ጣቢያ ደም የሚመረምር የሰፈራችን ልጅ ነው።

«አባባ፣ ወዴት ነው?»

«ክፉ ደሟን ላወጣላት» አሉና የደረት ኪሳቸውን መታ መታ አደረጉ። ምላጩ እዚያ ነበር።

ዓብዲ የየሺአረግን ክንድ አየ። በመርፌ ጫፍ የተወጋ የሚመስል ቀይ ነጠብጣብ ወጥቶበታል።

«አቦ፣ ምላጭ እንዳያርፍባት! ወላሂ፣ ደሟ ላይቆም ይችላል።»

«ኧረ ጓድ! አንተ ሳትወለድ ስንቱን የባቡር ነጂ አግሜ አስነሥቻለሁ!»

«የእነሱ ደም ደህና ስለነበረ ነው።»

«ደም ደም ነው!»

«እንግዲያው የእርስዎንና የእሷን እናስተያየው።»

አማቴ ጋሪውን አስነሡ። ዓብዲ ወደ እኔ ዞረ፤ «አንተስ? ባሏ አይደለህም?»

እኔ በአማቴ ፊት ቀና ብዬ የማላውቅ ሰው ነኝ። የየሺአረግ እጅ ግን በእጄ ውስጥ ይነድ ነበር። «አባቴ፣ መጀመሪያ ይታይ» አልኩ።

አተኩረው አዩኝ። «ይኸም አፍ አለው ለካ!» አሉና የፈረሱን ልጓም ወደ ጤና ጣቢያው አዞሩ።

ዓብዲ ከአባትም ከልጅም ጣት አንዳንድ ጠብታ ወስዶ መስታወት ላይ በስሱ ቀባውና ቀለም ውስጥ ነከረው። ግማሽ ሰዓት ከጠበቅን በኋላ አማቴ ዓይናቸውን ማይክሮስኮፑ ላይ አደረጉ። መጀመሪያ ያዩት የራሳቸውን ነበር።

«እግዚኦ!» ድምፃቸው መቅደስ ደጃፍ እንደቆመ ሰው ዝቅ አለ። «ይህ ሁሉ ሕዝብ በእኔ ጣት ውስጥ ነው?»

«ቀዮቹ እስትንፋስ ያመላልሳሉ። ወይን ጠጅ እምብርት ያላቸው ትልልቆቹ ወታደሮች ናቸው። እንደ ትቢያ የደቀቁት ደግሞ የተቀደደ የደም ሥር ይደፍናሉ። ሁሉም የሚሠሩት አጥንት ውስጥ፣ በመቅኔ ነው፤ ሥራው ቀን ከሌት አያቋርጥም።»

«እንደ ባቡሩ ወርክሾፕ በለኛ!»

ከዚያ የልጃቸውን አዩ። «ደፋኞቹ የት ሄዱ? አንድ... ሁለት... ወታደሮቹም ሳስተዋል።»

«ኩባ ዴንጊ የሚባል በሽታ አይቻለሁ። ቫይረሱ መቅኔ ድረስ ዘልቆ ወርክሾፑን ያደክመዋል፤ የተረፉትን ደፋኞችም በግርግሩ ሰውነት ራሱ ያጠፋቸዋል። እዚህ ስሙን ማረጋገጫ የለኝም። ወባ ግን አላየሁባትም፤ ደሟም ያንን ይመስላል።»

«አንዴ ከዳነች ሰውነቷ ይለምደው የለም?»

«አባባ፣ የሚያስደንቀው እሱ ነው። በሽታው አራት ዓይነት ነው። ሰውነት ያሸነፈውን ዓይነት ዕድሜ ልኩን አይረሳም። ሌላው ሲመጣ ግን የድሮው ዘበኛ ሊይዘው ሲጠጋ ጭራሽ በር ይከፍትለታል። ሁለተኛው የሚብሰው ለዚያ ነው።»

ቀጥሎም አስፕሪን እንዳንሰጣት፣ ፈሳሽ አብዝታ እንድትጠጣ፣ ትኩሳቱ ሲወርድ ይበልጥ እንድንጠነቀቅ ነገረን። «አስተላላፊዋ ትንኝ በቀን ትናከሳለች። የምትፈለፈለው ክዳን በሌለው በርሜል ውስጥ፣ በንጹሕ ውሃ ነው።»

በአማቴ ጓሮ ሦስት በርሜል ነበር። ክዳን ያለው አንድም አልነበረም።

«የልጄን ደም በእጄ ላፈስ ነበር» ብለው ግድግዳውን ተደገፉ።

በታመመች በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ። ጎረቤታችን ቦጋለች እልል ልትል ስትል አማቴ እጃቸውን አነሡ። «ቆዪ! ዘብ የሚቆመው ዛሬ ነው።» እውነትም ሲመሽ ድዷ ደማ። ቶሎ ሆስፒታል አደረስናት፤ ፈሳሽ በደም ሥሯ ተሰጣት። ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ቀን «ራበኝ» አለች።

እውቀት የአባቶችን እጅ አያዋርድም፤ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል እንጂ። ዛሬ ዋግምት ፈልጎ የሚመጣውን ሁሉ አማቴ «መጀመሪያ ደምህ ይታይ» ብለው ይመልሱታል። ከደጃፋችን እስከ ደቻቱ ዳር ድረስም ያልተሸፈነ በርሜል የለም።

የመጀመሪያው ቀን ግን ከዓይኔ አይጠፋም። ከጤና ጣቢያው የሺአረግን ይዤ ስገባ አማቴ ቀድመውን ጓሮ ቆመው፣ አሮጌ ጋቢያቸውን አንዱ በርሜል ላይ ዘርግተዋል። «ና፣ አፍ ያለው አማች፣ ጫፉን ያዝልኝ» አሉኝ። ያዝኩላቸው። ከደረት ኪሳቸው ምላጩን አወጡና ጋቢውን በበርሜሉ አፍ ልክ መቁረጥ ጀመሩ።