የተሸፈነው ክንፍ

ጎረቤቴን ልብስ ሰፊውን አውቶቡስ ውስጥ ድንገት አገኘኋቸው። የልብስ መለኪያ ሜትሮውን ከአንገታቸው ስለማያወርዱ ሰፈሩ «ጋሽ ሜትሮ» ይላቸዋል።

«ወዴት ነው በጠዋቱ?» አልኳቸው። ጡረታ የወጣ መምህር ነኝና የሰው ጉዳይ አያመልጠኝም።

«ልጄን ከዚያ ጉድ ቤት ላወጣ ነው፣ መምህር። ዛሬ ለሕዝብ ክፍት ነው አሉ። እጇን ይዤ እወጣለሁ።»

ጉድ ቤት ያሉት ከሰፈራችን ማዶ ያለውን የበረራ ምርምር ማዕከል ነው። ከዚያ የሚመጣው ጩኸት የሰፈራችንን መስኮት ያንቀጠቅጣል። ጠይቀን የሚመልስልን ስለሌለ አንዱ ቦምብ ነው ይላል፤ ሌላው ሰው ሞቶ ተደብቋል ይላል። እዚያ የምትሠራው ልጃቸውም «የሥራ ምስጢር ነው» ከማለት በቀር ትንፍሽ አትልም። አባት ደግሞ ያልተነገረውን በገዛ ፍርሃቱ ይሞላዋል።

አብሬያቸው ሄድኩ። ጎብኚዎቹን የምታስጎበኘው ራሷ ልጃቸው ሆና አገኘናት።

«አባዬ፣ በሰው ፊት እንዳታሳፍረኝ» አለች ቀስ ብላ፤ ከዚያም ሰው ቆሞ የሚገባበት ትልቅ ቱቦ አሳየችን። «ጩኸቱ የዚህ ማራገቢያ ነው። ነፋስ እንፈጥርና የአውሮፕላን ክንፍ እንፈትንበታለን።»

ጋሽ ሜትሮ ግን ዓይናቸው ጥግ ላይ፣ ሸራ የለበሰ ነገር ላይ ነበር። «ያ ምንድን ነው?»

«እሱ አይጎበኝም።»

«እንግዲያው እኔ የመጣሁት ለእሱ ነው። ማን ሸፈነው?»

«እኔ» አለች አንገቷን ደፍታ። «የተሰበረ ነገር ለእንግዳ አናሳይም። ልማዳችን ነው።»

«ማን ሞቶ ነው?» አሉ።

ይሄኔ ልጅቱ ደነገጠች። አባቷ ምን ስጋት ተሸክመው እንደመጡ የገባት ያን ጊዜ ነው። ሄዳ ሸራውን ገፈፈችው፤ ለሁለት የተገመሰ ክንፍ ወጣ።

«ማንም አልሞተም፣ አባዬ። እኛው ነን ሆን ብለን የሰበርነው። ከመከላከያ መስታወት ጀርባ ቆመን፣ ነፋሱን እየጨመርን፣ የት ላይ እንደሚደክም አየን። እዚህ ካልተሰበረ ሰው ተሳፍሮበት ይሰበራል።»

ሽማግሌው የተሰበረውን በጣታቸው ዳሰሱት። «እኔም ሱሪ ሰፍቼ ስጨርስ ስፌቱን ይዤ እጎትተዋለሁ» አሉ። «መተርተሩ ካልቀረ በእጄ ይተርተር እንጂ ሙሽራው ላይ አይተርተር።»

ጎብኚው ሳቀ።

«ታዲያ ይህ ያኮራል እንጂ ምኑ ያሳፍራል? ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ያ ጩኸት በተሰማ ቁጥር የስፌት መኪናዬን አቁሜ በስምሽ እጸልይ ነበር። ዛሬስ አንድ ነገር ደርሶባት ይሆን እያልኩ።»

ልጅቱ ዕንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አላወቅኩም፣ አባዬ። ጎበዝ መስዬ እንድታየኝ ብዬ ነው።»

ጉድን ሸፍኖ እንግዳ መቀበል የእኛም የየቤታችን በሽታ ነው። በሩ የተዘጋ ቤት ለወሬ ይመቻል፤ የተከፈተ ግን ጎረቤቱን ከስጋት ያሳርፋል፣ ሠራተኛውንም ያስከብራል፣ የሚያየውም ሰው አውሮፕላን ላይ ሲወጣ ማን እንደደከመለት ያውቃል። ይህን ሁሉ ልናገር አፌን ስከፍት ጋሽ ሜትሮ ቀደሙኝ።

«እዚህ ቤት ልጅ ያለው ሁሉ መጥቶ ይይ። ያንንም ሸራ እንዳትመልሱት።»

«አለቆቼ ይቆጡኛል» አለች።

«ይቆጡ። እኔም ተቆጥቼ ነው የመጣሁት፤ እጅሽን ይዤ ልወጣ።»

ቀጣዮቹ ጎብኚዎች በሩ ላይ ቆመው ነበር። ልጅቱ እነሱንም ክንፉንም አየች፤ ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። «እና እንሂድ ወይ፣ አባዬ?»

«እኔ እሄዳለሁ» አሉ። «አንቺን ሰው እየጠበቀሽ ነው፤ ሥራሽን ሥሪ።»