ፈቃድ የማያሻቸው ወዳጃችን

ሴልዊን፣ ና እዚህ ጥላው ሥር ተቀመጥ። በዕድሜዬ እምልልሃለሁ፣ ሰማንያ አንዱንም ዓመት አስይዤ፣ ዛሬ ከአፌ የሚወጣው ሁሉ እውነት ነው። እኔን ዳርሲን ያጋንናል የሚሉትን ተዋቸው። ያቺ ጥቁርና ነጭ ወፍ ዛሬ ጠዋት ከዳቦ ቤቱ ጀምራ እስከ አዳራሹ በር ድረስ አናቴን እየጠቀጠቀች አመጣችኝ፤ ባርኔጣዬን እየው... ወንፊት ሆኗል። ምን ታደርጋታለህ፣ እንቁላል ከጣለች ሰው አታሳልፍም። ቋሊማው ግን ዛሬ ጥሩ ነው። ሽንኩርቱን ትንሽ አሳርረውታል፤ ቢሆንም በዳቦ ጠቅልለህ ካቻፕ ካፈሰስክበት ማን ያየዋል? ብላ እንጂ። ምነው ፊትህ እንዲህ ጠወለገ?

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ሰሌዳው ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት እኔም አንብቤያታለሁ። «አባል ሴልዊን የማከማቻ ደንብ ስለጣሰ ከማኅበሩ ይሰናበት።» ስብሰባው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል፣ አንተ ደግሞ ዳቦህን በጣትህ እየቆነጠርክ ለጉንዳን ታበላለህ። አልፈርድብህም። ከሰብሳቢዎች ማኅበራችን ከወጣህ አስመሳይ መሣሪያ፣ ያንን እውነተኛ መስሎ የማይተኩሰውን፣ ለመሰብሰብ ምክንያት የለህም ይሉሃል፤ ምክንያት ከሌለህ ፈቃድህ ይሰረዛል፤ ፈቃድህ ከተሰረዘ ሚስትህ ሞይራ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አሥር ክረምት ሙሉ ከቀይ የባሕር ዛፍ እንጨት እየጠረበች የሠራቻቸው ዘጠኙ ሽጉጦች ተለቅመው መፍጫ ማሽን ውስጥ ይገባሉ። ከእጇ ሥራ ሌላ ምን የቀረህ ነገር አለ? እኔም ብሆን ምግብ አይዘልቀኝም።

ግን ተው፣ ስለ መልካም ነገር እናውራ። ያቺን ወረቀት ስለለጠፉት ወዳጃችን። ስም አልጠራም፤ ስም መጥራት የነገረኛ ሥራ ነው። እኔ የምለው በጎነታቸውን ነው። በዚህ በቢንዳሊ ከተማ የሰው ወጥ ቤት እንዲህ የሚያሳስበው ስንት ሰው አለ? አንተ አንዷን ሽጉጥ ዘይት ልትቀባ ጠረጴዛ ላይ አኖርካት፣ ውሻህ አጥር ዘለለ፣ ልትይዘው ወጣህ። ብትቆይ ሦስት ደቂቃ ነው። በዚያች ሦስት ደቂቃ ውስጥ ወዳጃችን እንዲያው በአጋጣሚ በመስኮትህ በኩል አለፉ። መስኮትህ ደግሞ በጓሮ ነው... ከጽጌረዳው ቁጥቋጦ ጀርባ። ያ ሁሉ እሾህ! ለሕግ ሲል እንዲህ ደሙን የሚያፈስ ሰው ሌላ ታውቃለህ?

አትዙር። እዚያ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውን ጋዜጣ የሚያነቡት ሰው እንዳይረበሹ። የበግ ዋጋ የወጣበትን ገጽ ይዘው ይኸው ሩብ ሰዓታቸው... በግ እንኳ የላቸውም፤ ለዕውቀት ይሆናል። አይ፣ እኔ ስለ እሳቸው አይደለም የማወራው! ምን በወጣኝ? ስለ ሌላ ወዳጃችን ነው። ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? ጆሮዬ ስለደከመ ነው፣ የራሴንም አልሰማው።

ስለ ማከማቻ ደንብ ተነሥቶ የእኚህን ሰው ካዝና ያላነሣ ሰው ደግሞ ግፍ አለበት። ሕጉ የሚጠይቀው ምንድነው? የብረት ሣጥን፣ ደህና ቁልፍ፣ ከወለሉ ጋር በብሎን የታሰረ፣ መክፈቻው ከባለቤቱ እጅ የማይወጣ። በቃ። ወዳጃችን ግን ሕጉ የጠየቀውን ብቻ መስጠት ይከብዳቸዋል፣ ቸር ናቸው። ሰባት ቁልፍ! በበግ መጫኛ መኪና ነው የመጣው፣ አሥራ አንድ ሰው ነው ያወረደው፣ ከእነዚያም ውስጥ ሁለቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ቀጥ ብለው ቆመው አያውቁም። ካዝናው ከገባ በኋላ ቤቱ ወደ መኝታ ክፍሉ አዘነበለ። ወጥ ቤታቸው ውስጥ ብርቱካን ብታስቀምጥ ራሷ ተንከባልላ ሄዳ አልጋቸው ሥር ትገባለች። በሩን ሲዘጉት እዚያ መጠጥ ቤቱ ድረስ ብርጭቆ ይጮኻል። መክፈቻዎቹን ደግሞ አንገታቸው ላይ ነው የሚያንጠለጥሏቸው። ያ ጎበጥ ማለታቸው ከዕድሜ የመጣ ይመስልህ ነበር? ሐኪሙም እንደዚያ መስሎት ስንት ጊዜ መድኃኒት አዘዘላቸው።

ምን ነበር ግን ውስጡ ያለው? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ማን አየ? ለዐውደ ርዕይ ቀን ሁላችንም የያዝነውን በተቆለፈ ሣጥን ተሸክመን እንመጣለን፤ ወዳጃችን የካዝናውን ፎቶግራፍ ይዘው ይመጣሉ። «እውነተኛውን ያስንቃሉ» ይሉናል ስለ ውስጡ ሲያወሩ። እስቲ አንዷን እንኳ ያሳዩን ስንላቸው ሕጉ አይፈቅድም። በገና ዋዜማ ስንለምናቸውም ሕጉ አይፈቅድም። የትኛው ሕግ ብሎ የጠየቀ የለም። እንዲህ ከመሰለ ጨዋ ሰው ጋር ማን አንቀጽ ይቆጥራል?

ካቻምና ደግሞ አዲሱን ደንብ አመጡልን። ትዝ ይልሃል? ድሮ ፈቃዱን እያንዳንዳችን በግላችን እናወጣ ነበር፣ ማኅበሩ አሳዩኝ ብሎን አያውቅም። እሳቸው ተነሥተው ፈቃድ ያልያዘ ሰው አባል አይሁን አሉ፣ አስጸደቁ፣ እኛም አጨበጨብን። ከዚያ ወዲያ... እንግዲህ ደንብ አውጪው ራሱም ፈቃድ ማውጣት ነበረበት፣ አይደል? ቅጹን ሞሉ። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ አሥራ ስድስት ተጨማሪ ገጽ ነው ያያያዙት።

ፖሊስ ካዝናውን ልትመረምር የመጣች ቀን እኔ አሸንዳዬን ልጠግን መሰላል ላይ ነበርኩ። በአጥር በኩል ጠሩኝ፣ ጎረቤት አይደለን? «ዳርሲ፣ ና፣ ሕግ አክባሪ ሰው እንዴት እንደሚመረመር እይ» አሉኝ። ሻይ ተፈልቷል፣ ኬክ ተቆርጧል። ያቺ ኮንስታብል ታራንቶ ናት የመጣችው፣ ያቺ ቀጭኗ። ካዝናውን ዞራ ዞራ አየችው፣ ተንበርክካ ብሎኖቹን ቆጠረች፣ በዚህ አውራጃ እንዲህ ያለ ማከማቻ አይቼ አላውቅም አለች። ወዳጃችን ቁመት ጨመሩ። ሰባቱን ቁልፍ ከፍተው እስኪጨርሱ እኔ ሁለት ኩባያ ሻይ ጠጣሁ።

ሃያ ሦስት ሽጉጥ፣ አረንጓዴ ከፋይ ላይ ተደርድሯል። ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር። ልቤ ቀጥ አለ ስልህ! ልጅቱ አንዷን አነሣች። መጀመሪያ ያየችው ጣቷን ነው... ጠቁሯል። የምድጃ ቀለም ነው፣ ያ በብሩሽ የሚቀባው። ከሥሩ ብርቱካንማ ፕላስቲክ ብቅ አለ። ገለበጠችው። ሆዱ ላይ የተጻፈውን ቀስ ብላ አነበበች፤ «ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት አይሰጥ።» ከዚያ ቃታውን ሳታስበው ነካችው መሰለኝ፣ አፈሙዙ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም አለ፣ ፈረስ ሲያሽካካ ተሰማ፣ ወዲያው ዘፈን ቀጠለ። እስኪያልቅ ሁላችንም ቆመን አዳመጥን። ጥሩ ዘፈን ነው።

እሷ እንግዲህ በቻለችው መጠን በለሰለሰ ቃል አስረዳቻቸው። የልጅ መጫወቻ በሕጉ አስመሳይ መሣሪያ አይባልም፣ ስለዚህ ፈቃድ አያሻውም፣ ምንም አያስቡ አለቻቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ብሎት ይሰማት ነበር! ወዳጃችን ግን መርህ አላቸው። ክፍሉ ብርሃን በዝቶበታል አሉ። መጋረጃውን ዘጉ። ወደ መተላለፊያው ወጡ፣ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ሳቡ፣ አንዷን ሽጉጥ በሁለት እጃቸው ደግነው ገቡ።

«አሁንስ?»

አይ አለቻቸው። ወጡ፣ ካፖርት ደርበው ገቡ። አሁንም አይ። ለሦስተኛው እኔ መብራቱን እንዳጠፋላቸው ለመኑኝ፣ አጠፋሁላቸው፤ ወዳጅ ለምን ይሆናል? ልጅቱ በጨለማው ውስጥ ሳቋን በክርኗ አፍና እንዲህ አለች፦

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልፈራሁም።»

እና እስቲ አስበው፣ በዚያው ቀን ነው ወደ አንተ ቤት የመጣችው። ካቢኔህን ስትከፍትላት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አላለችም? እጇ ወገቧ ላይ አልሄደም? ሞይራ ከመቃብር ሆና ፖሊስ አስደነገጠች! ከእንጨት ነው የሠራቻቸው ብለህ አንኳኩተህ እስክታሳያት ድረስ ትንፋሿ አልተመለሰም። ይኸውልህ፣ የሞይራ እንጨት ፈቃድ ያሻዋል፤ አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ቢውል ሊወሰድ ይችላል። የወዳጃችንን ሃያ ሦስቱን ግን ነገ አውጥተው አስፋልት ላይ ቢዘሯቸው ማንም ምንም አይላቸውም። ነፃ ሰው ናቸው። በመላው ማኅበራችን ከሕግ ጋር ምንም የማይነካካው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ከፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣላቸው፣ ከላይ የወርቅ ቀለም ዓርማ ያለው። በመስታወት አስገብተው ከሳሎኑ በር በላይ ሰቀሉት፣ ጣራው ጋ። እንግዳ ሲገባ በአገጫቸው ወደዚያ ያመለክታሉ። ሰውም ዓርማውን አይቶ ባርኔጣውን ያወልቃል። ጽሑፉን ለማንበብ መሰላል ያስፈልጋል... እኔ ደግሞ መሰላል አለኝ። አንድ መስመር ናት። ለዘረዘሯቸው ዕቃዎች ፈቃድ አያስፈልግም ትላለች። እና ያ ደንብ፣ ያ ያጨበጨብንለት፣ ፈቃድ ያልያዘ ሰው ምን አይሁን ነበር ያለው? እኔማ እርጅና ነው፣ ረሳሁት።

ምን አሰብኩ መሰለህ? ዛሬ ስብሰባው እንደተከፈተ ተነሥቼ ሐሳብ ላቅርብ ይሆን? የሴልዊን ጉዳይ ከመታየቱ በፊት ሁላችንም በየተራ ፈቃዳችንን ቆመን ጮክ ብለን እናንብብ ብል፣ ለሕግ ፍቅር ብቻ፣ ማን ይቃወመኛል? በፊደል ተራ ብንሄድ እንኳ ወዳጃችን እንዲቀድሙ እለምናለሁ። ድምፃቸው ያምራል። ያቺን አንዷን መስመር ረጋ ብለው ቢያነቧት...

አይ፣ ተወው። ስብሰባው ይረዝማል፣ ሙቀትም አለ። ደግሞ የውሳኔ ሐሳብ የለጠፈ ሰው የስብሰባው ደወል ከመደወሉ በፊት ሐሳቡን መልሶ መውሰድ ይችላል የሚል አንቀጽ አለ፤ ይህንንም ያረቀቁት ማን ይመስሉሃል? አርቆ አሳቢ ናቸው እኮ! ስንት ደቂቃ ቀረን? ስድስት? ስድስት ደቂቃ ብዙ ነው። ከሦስተኛው ጠረጴዛ እስከ ሰሌዳው ድረስ... ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው።

አትዙር አልኩህ እንጂ! እኔ እያየሁልህ ነው። ጋዜጣው ታጠፈ። ባርኔጣ ተነሣ። እኚያ በግ የሌላቸው ሰው እግራቸውን ሊያፍታቱ ወጡ መሰለኝ። ሰሌዳው ጋ ደረሱ። የጠፋችውን ድመት ማስታወቂያ እያነበቡ ነው... አሁን አንዷን መርፌ ነቀሉ። ሁለተኛዋን። ሦስተኛዋ አልወጣ አለቻቸው፣ በጥፍራቸው... ይኸው ወጣች። ወረቀቷ አራት ቦታ ታጠፈች፣ ኪስ ገባች። በቃ። ድመቷ ብቻ ቀረች።

ሴልዊን፣ ምነው? ሰው ያይሃል። ዐይንህ ውስጥ ሽንኩርት ገባ በል። እኔም እንደዚያው እላለሁ። ማታ ሄደህ ዘጠኙንም ቁጠራቸው፣ ከዚያ ቆልፍ። ውሻው ይጥፋ ከፈለገ።

ወደዚህ እየመጡ ነው። ቶሎ ብዬ አንድ ነገር ልናዘዝልህ፤ ምዬ ስለጀመርኩ ኅሊናዬን ከበደኝ። ሁሉም እውነት ነው፣ ሰባቱም ቁልፍ፣ ብርቱካኗም። አንዷን ብቻ ነው የፈጠርኳት። ልጅቱ ሳቋን በክርኗ አፈነች ያልኩህ ውሸት ነው። አልሳቀችም። ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ከገባች በኋላ መስታወቱን ዝቅ አድርጋ፣ «ሰውዬው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት?» ብላ ጠየቀችኝ።

እንደምን ዋሉ ጌታዬ! ይቀመጡ፣ ይቀመጡ፣ ወንበር አለ። ስለ አንድ ወዳጃችን መልካምነት ስናወራ ነበር፤ እርስዎ አያውቋቸው ይሆናል። አሁን ደግሞ ምርቃት ላይ ደርሰናል፣ አብረውን አሜን ይበሉ። እግዜር ለእኚያ ወዳጃችን ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ቤታቸውን ከሌባ ይጠብቅላቸው... ሌባውንም ከእንዲያ ያለ ሐዘን። ጎረቤት አያሳጣቸው። እና ሳያሸልቡ በፊት፣ ዐይናቸው እያየ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አንድ ሰው ብቻ... እናቱ ጀርባ ላይ ያለ ሕፃንም ቢሆን ግድ የለም... ለአፍታ ያህል ደንገጥ ይበልላቸው።