በጋሪ የሄደው ምስጢር

እኔና ባለቤቴ እሁድ ልጆቹን ደብረ ብርሃንን ልናዞራቸው ያቀድነው በሹክሹክታ ነው። ቀድመው ከሰሙማ እንቅልፍ የሚባል የለም። ኬክ ቤት፣ ፎቶ ቤት፣ ከዚያ ዥዋዥዌ ያለበት መናፈሻ ብለን ባጃጅም ቀጠርን። ትንሿ ልጄ ለካ ተኝታ አልነበረም።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ልንወጣ በሩን ስከፍት የግቢው ልጆች በሙሉ የጥምቀት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፊታቸው በቅባት እያብረቀረቀ ቆመዋል። ልጄ "አባዬ ሁላችንንም ሊወስደን ነው" ብላ ነግራቸዋለች። ባለቤቴ ገላመጠችኝ። "በል እንግዲህ፣ ባጃጁ ውስጥ ጠቅጥቃቸው።" ላስረዳ አፌን ስከፍት ጎረቤታችን የቄሱ ባለቤት እትዬ ዘነበች ትልቅ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ብቅ አሉ። "ስንቁን እኔ ጋግሬያለሁ። ልጅ ለብቻው ምን ይጥመዋል? ተባረኩ።" አንዴ ከተመረቅሁ በኋላ ምን እላለሁ?

ባጃጁን ሸኝቼ ጋሪ አስቆምኩ። ባለጋሪው ልጆቹን አየ፣ ፈረሱን አየ፤ "ይችላል፣ ዳገት ላይ ግን ትልልቆቹ ትወርዳላችሁ" አለኝ። ጋሪው ሲንቀሳቀስ ልጆቹ እያጨበጨቡ ዘፈኑን አቀለጡት። እኔም ሳላውቀው አብሬ እያጨበጨብኩ ነበር። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ አንዲት ድንች ሻጭ ሰርገኞች መስለናት እልል አለች፤ ቀጥላም "ሙሽሮቹስ የት አሉ?" ብላ ጮኸች። ከቤት ጀምሮ አኩርፋ የተቀመጠችው ባለቤቴ ብድግ ብላ ትከሻዬን ተደገፈች።

"ሙሽሮቹማ እኛ ነን፤ እነዚህ ሚዜዎቻችን ናቸው" አለችና እልልታውን አቀለጠችው።