የገፈርሳን ዝናብ ማን ይናገር?

ከቡራዩ በተሳፈርኩበት አውቶቡስ፣ ገፈርሳ ላይ ዝናብ የሚለኩ ሽማግሌና ያሠለጠኑት ወጣት ወደ ሳይንስ ማኅበራቸው ዓመታዊ ጉባኤ ይሄዱ ነበር።

«ድሮ የለካው ሰው ራሱ ተነሥቶ ይናገር ነበር» አሉ ሽማግሌው።

«አሁን በእንግሊዝኛ ሆነ እኮ፣ ኦቦ ገመዳ።»

«አሁንማ ዝናብ ሲመጣ የሚሸሸው ነው የሚናገረው!»

«ስምዎን ጠርቼ አመሰግናለሁ።»

«መቼ?»

«መጨረሻ ላይ።»

«ሰው ለምሳ ሲነሣ?»

«እሺ፣ መጀመሪያ ላይ ይሁን።»

«የውሃውን ልክ ከላይ ቆመህ ስታነብ፣ ‹ጎንበስ በል› ያልኩህ እኔ ነኝ። እሱንም ትናገራለህ?»

«እሱን እንኳ ይተዉልኝ።»

«እንግዲያው ስትጠራኝ ልነሣ ወይስ ተቀምጬ ልስማ?»

ወጣቱ በጉባኤው የሚያነበውን ወረቀት አጠፈ።

ፊደል ያስቆጠርኳት፣ ዛሬ ግን በሰው ፊት በእኔ ፈንታ የምትናገረው ልጄ ትዝ አለችኝና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።